ከአዲስ አበባ እስከ ምስር፤ ስለ መንገድ ርዝመትና ስለ ጵጵስና ነገር

ሰው በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በሁለት መስፈሪያ ይሰፍረዋል። አንደኛው የምድሩ ስፋት ነው፤ ሁለተኛውም በመንገዱ ላይ የሚያልፈው ዕድሜ ነው። የምድሩ ስፋት ፈጣሪ እንደ ወሰነው ይኖራል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ዕድሜው ግን እንደ ተጓዡ አካሄድ ይረዝማል፣ ያጥራልም። በእግር፣ በበቅሎ፣ በግመል፣ በመርከብ፣ በባቡር፣ በአይሮፕላን የሚሄዱ ሰዎች አንዱን ምድር እንደየአካሄዳቸው ልዩ ልዩ አድርገው ያገኙታል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ ካይሮ፣ የቀደሙ አባቶች ምስር ብለው እስከሚጠሯት ከተማ፣ ያለው ርቀት በአየር መስመር ቢለካ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በዛሬ ዘመን አይሮፕላን ይህን በ4 ሰዓት ያህል ይፈጽመዋል፤ ጥዋት በአዲስ አበባ ኪዳን አድርሶ የተነሣ ካህን ለሠርክ ጸሎት በምስር ሊቆም ይችላል። ይህ መንገድ ግን ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሌላው መንገድ አይደለም። 16 መቶ ዓመት ያህል ጳጳስ የተለመነበትና ጳጳስ የመጣበት፣ ብዙ ወርቅ የወጣበት፣ ብዙ መልእክተኛም የቀረበት መንገድ ነው። ስለዚህ የመንገዱን ማጠር የሚመረምር ሰው አንድ ጥያቄ ሳይነሣበት አያልፍም። ኢትዮጵያ ከራሷ ልጆች ጳጳስ ሳትሾም ያን ያህል ዘመን የኖረችው መንገዱ ስለ ረዘመ ነውን? ወይስ ሌላ ምክንያት ነበረ?

ከየካ ተራሮች ግርጌ በመሪና በአያት በኩል የሚኖር ሰው ወደ ቦሌ የሚወርደውንና ከቦሌ የሚነሣውን አይሮፕላን ሌትና ቀን ያየዋል፤ ድምፁን ከመልመዱም የተነሣ ቀና ብሎ አይመለከተውም። በዚህ ሰፈር ራስጌ ያሉት ተራሮች ግን የዚህ ታሪክ ምስክሮች ናቸው። በየካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ መቅደስ አለ። አለቱን ፈልፍሎ ቤተ መቅደስ ማድረግ የአገሩ ጠቢብ ይችል ነበር፤ ታቦቱን መባረክና ሜሮን መቀባት ግን የጳጳስ ሥራ ነውና የአገሩ ሰው ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም ነበር። ወደ ምዕራብ ሲሉም እንጦጦ ማርያም ትገኛለች። በዚያች ደብር ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ ቅብዐ መንግሥቱን የቀቡትና ዘውዱን የጫኑት ከግብጽ የመጡት አቡነ ማቴዎስ ነበሩ። ዙፋኑ በእንጦጦ ነበረ፤ ዙፋኑን የሚባርከው እጅ ግን ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር።

የነገሩ መነሻ በመላው ዓለም የታወቀ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ፍሬምናጦስ በአክሱም ቤተ መንግሥት አድጎና ታምኖ ከኖረ በኋላ ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለሊቀ ጳጳሳቱ ለቅዱስ አትናቴዎስ የምእመናኑን ብዛትና የእረኛን ማጣት ነገረው። አትናቴዎስም ከእርሱ የሚሻል አላገኘምና ራሱን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ መለሰው፤ ሕዝቡም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን አለው። በዚያ ዘመን የነጋዴዎች መንገድ ከአዱሊስ በመርከብ ተነሥቶ በኤርትራ ባሕር ወደ ግብጽ ወደቦች ይወጣ፣ ከዚያም ምድረ በዳውን በግመል አቋርጦ ወደ ቅፍጥ ይደርስ፣ ከቅፍጥም በዓባይ ወንዝ በጀልባ ወደ እስክንድርያ ይወርድ ነበር። መንገዱ የብዙ ወራት ነበረ። ነገር ግን ፍሬምናጦስ የሄደው አንድ ጊዜ ነው፤ የተሾመውም በአንድ ቀን ነው። ርዝመቱ ጸጋውን አልከለከለውም።

ከዚህ በኋላ ግን በመንገዱ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። የኢትዮጵያ ሰዎች ከሊቃውንቶቻቸው መካከል ጳጳስ አይሹሙ፣ ጳጳሳቸው ከእስክንድርያ መንበር ይላክ የሚል ሥርዓት በኒቅያ ጉባኤ ስም ተጽፎ በፍትሐ ነገሥት ውስጥ ገባ። ይህም ቃል በ318ቱ ሊቃውንት አንደበት የተነገረ ተብሎ ብዙ ዘመን ተፈርቶና ተከብሮ ኖረ። በግሪክ ቋንቋ የተጠበቁት የኒቅያ ቀኖናዎች ግን 20 ብቻ ናቸው፤ ኋላ በዐረብ ቋንቋ ተሰብስበው የተጻፉት ከ80 ያላነሱ ሲሆኑ፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረው ቃል የሚገኘው በእነዚህ በኋለኞቹ ነው። ዘመንን የሚመረምር ሊቅም ሌላ ማስረጃ ያገኛል። ጉባኤው በተደረገ ጊዜ አትናቴዎስ ገና ዲያቆን ነበረ፤ ፍሬምናጦስን የሾመው ግን በመንበሩ ከተቀመጠ በኋላ ነው። እንግዲህ ለኢትዮጵያ ገና ጳጳስ ሳይኖራት ስለ ጳጳሷ አሿሿም ጉባኤው እንዴት ሊደነግግ ይችላል? ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ያ ቀኖና ሠራ፤ በተራራና በባሕር ላይ ሦስተኛ አጥር ሆኖ ቆመ።

የእግርንና የሸራን ዘመን መንገድ በዝርዝር መመልከት ይገባል። ነጋዴ በጭነት በቅሎ ቢሄድ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከእንጦጦ እስከ ምጽዋ በተራራና በገደል ዞሮ የሚሄደው መንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር አያንስም፤ ስለዚህ ያለ ዕረፍት እንኳ ቢኬድ 40 ቀን ይፈጃል። ሰንበት ሲከበር፣ በቅሎ ሲታመም፣ ኬላ ጠባቂ ሲያቆም፣ ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ይሆናል። ክረምት ከገባ ደግሞ ዓባይና ተከዜ ሞልተው መንገደኛውን እስከ መስከረም ያስቀምጡታል። ከምጽዋ በኋላ ያለው ባሕርም የራሱ ሕግ አለው። በደቡብ በኩል ያለው ነፋስ በየወራቱ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ በሰሜን በኩል ያለው ግን ዓመቱን ሙሉ ይልቁንም ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ስለዚህ ከግብጽ ወደ ሐበሻ የሚወርድ ባለ ሸራ መርከብ ነፋሱ ይገፋለታል፤ ከሐበሻ ወደ ግብጽ የሚወጣው ግን ነፋሱን ፊት ለፊት ይገጥማል። ጳጳሱን ለመለመን የሚሄደው መልእክተኛ ተሹሞ ከሚመጣው ጳጳስ ይልቅ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነበረ።

ይህን ድካም ደግሞ የግብጽ ነገሥታት ፈቃድ ያከብደው ነበር። የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት በእስላም ሡልጣን ግዛት የሚኖሩ ነበሩና ያለ ሡልጣኑ ፈቃድ ጳጳስ መላክ አይችሉም ነበር። አፄ ይኩኖ አምላክ በ1266 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሡልጣን ባይባርስ ጽፈው ጳጳስ እንዲላክላቸው ለምነዋል። ንጉሥ ለንጉሥ የሚጽፈው ስለ ጦርና ስለ ንግድ ብቻ አልነበረም፤ ዲያቆን ለመሾም ስለሚያስፈልግ አንድ መነኩሴም ነበረ።

በዚህ ምክንያት ጳጳስ የሞተ እንደ ሆነ አገሩ ለብዙ ዘመን ሳይተካለት ይኖር ነበር። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ ከእርሱ መምጣት በፊት በነበረው ዘመን አገሩ 23 ዓመት ያለ ጳጳስ እንደ ነበረ ጽፏል፤ በእርሱም ጊዜ አቡነ ማርቆስ በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ሲክኑ በዓይኑ አይቶ ተደንቋል። ለምን እንዲህ ይበዛል ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከዘመኑ ችግር ያገኘዋል፤ ጳጳሱ ቢሞቱ የሚተካቸው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና የሚጠባ ሕፃን እንኳ ሳይቀር ዲያቆን ይሁን ተብሎ ይቀርብ ነበር። ወደ ቅርቡ ዘመን ሲመጣም ነገሩ አልተለወጠም። አቡነ ሰላማ በደጃዝማች ውቤ ልመና ከመምጣታቸው በፊት አገሩ 10 ዓመት ያህል ያለ ጳጳስ ቆይቶ ነበር። አቡነ ሰላማ በ1860 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜም ከግብጽ ሌላ ጳጳስ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ።

የመንገዱን ክብደት ሊቃነ ጳጳሳቱም ራሳቸው ቀምሰውታል። በ1849 ዓ.ም. የእስክንድርያ ፓትርያርክ አባ ቄርሎስ 4ኛ ወደ አፄ ቴዎድሮስ መጡ፤ ከማርቆስ መንበር ተነሥተው የኢትዮጵያን ምድር የረገጡ የመጀመሪያው ፓትርያርክ እሳቸው ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን የግብጽ ገዥ ሰላይ አድርጎ የላካቸው መስሏቸው ተጠራጠሩና አስቀመጧቸው። ፓትርያርኩም ከመንበራቸው ከአንድ ዓመት በላይ ርቀው ቆይተው ተመለሱ። በዚህ ጊዜ የመንገዱ ርዝመት ከጥርጣሬ ጋር ተባበረ፤ ሩቅ የሆነ ሰው ልቡም ሩቅ ይመስላልና።

ከዚህ በኋላ መንገዱ በየዘመኑ እያጠረ ሄደ። በ1862 ዓ.ም. የስዌዝ ቦይ ተከፈተ፤ በጭስ የሚሄደው መርከብም ለነፋስ የሚገዛውን የሸራ መርከብ ተካው። በ1874 ዓ.ም. ገደማ ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ ከግብጽ የመጡት ጳጳሳት አራት ነበሩ፤ አንድ ብቻ መላክ ከተለመደ ጀምሮ ይህ እጅግ ታላቅ ነገር ነበረ። ከእነዚያም አንዱ ለሸዋ የተሰጡት አቡነ ማቴዎስ ናቸው። በ1909 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ደረሰ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር፣ ቀን እየሄደ ሌሊት በሚያድረው ባቡር ሦስት ቀን ይፈጅ ጀመር፤ ከጅቡቲ እስከ ስዌዝም በመርከብ አምስት ወይም ስድስት ቀን ነበረ። ስለዚህ ምንም ያህል ቢዘገይ ከ15 ቀን በማይበልጥ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ምስር መግባት ተቻለ።

እንግዲህ በዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። አቡነ ማቴዎስ ኅዳር 25 ቀን 1919 ዓ.ም. አረፉ። የሚተኳቸው አቡነ ቄርሎስ የተሾሙት ግን በግንቦት ወር 1921 ዓ.ም. ነው። የ15 ቀን መንገድ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀ ማለት ነው። ባቡሩ አልዘገየም፤ መርከቡም አልሰጠመም። የዘገየው ነገሩ ነው። ኢትዮጵያ ከልጆቿ መካከል ጳጳሳት እንዲሾሙላት ትጠይቅ ነበር፤ እስክንድርያም ያንን የቆየ ሥርዓት ይዛ ትከራከር ነበር። በመጨረሻ አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ፣ አራቱም ኢትዮጵያውያን፣ በካይሮ ጵጵስናን ተቀበሉ። በ1922 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አባ ዮሐንስ 19ኛ ራሳቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው እጨጌውን አቡነ ሳዊሮስ ብለው ሾሙ። ሆኖም እነዚህ ጳጳሳት ሌላ ጳጳስ እንዳይሾሙ ተወስኖባቸው ስለ ነበር በሩ ተከፈተ እንጂ ቁልፉ አልተሰጠም።

የሚያስደንቀው ነገር የዘመኑ መገናኘት ነው። እነዚያ አራቱ አባቶች በካይሮ በተሾሙበት በ1921 ዓ.ም. ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 12 ቀን፣ የመጀመሪያው አይሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ በአዲስ አበባ አጠገብ በገፈርሳ ሜዳ ላይ አረፈ። ባቡር ሦስት ቀን የሚሄድበትን አገር አሞራ እንደሚያቋርጠው አቋረጠው። ሕዝቡ ተደነቀ። ዳሩ ግን ከሰባት ዓመት በኋላ ያ የሚደነቅበት መሣሪያ በሌላ መልክ መጣ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ቦምብና መርዝ ከሰማይ አዘነሙ። ከአራቱ አባቶች አንዱ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሰማዕትነትን ተቀበሉ፤ አቡነ ሚካኤልም እንዲሁ በምዕራብ በኩል ተገደሉ። መንገድን የሚያሳጥር ነገር ሁሉ ለበጎ የሚመጣውንም ለክፉ የሚመጣውንም ያፈጥናል፤ መንገድ በራሱ ጻድቅ አይደለምና።

አገሩ ነጻ ከወጣ በኋላ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተመሠረተ። በመጀመሪያ የተገዙት አምስት አይሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉ ባለ ሁለት ሞተር ዳግላስ የጭነት አይሮፕላኖች ነበሩ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመንገደኞች አይሮፕላን ከልደታ ሜዳ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። ወደ ለንደን ወይም ወደ ፓሪስ አልነበረም፤ አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ወደ ሄዱበት አገር ነበረ እንጂ። ይህን ያደረጉት ሰዎች የንግድንና የመገናኛን ጥቅም አይተው ይሆናል፤ ታሪክን ለሚያነብብ ሰው ግን አይሮፕላኑ የመረጠው መንገድ ከሁሉ የቀደመው የአገሩ መንገድ ነበረ።

የሰዓቱ ስሌት ይህ ነው። የዳግላስ አይሮፕላን በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዲስ አበባ እስከ አሥመራ 700 ኪሎ ሜትር፣ ከአሥመራም እስከ ካይሮ 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ተደምሮ ቢካፈል በአየር ላይ የሚውለው ጊዜ ከ9 ሰዓት ጥቂት ያልፋል። ለማረፍና ነዳጅ ለመቅዳት የሚሄደው ሰዓት ሲጨመርበትም መንገዱ የአንድ ቀን ሙሉ ሥራ ይሆናል። በዚያም ላይ አዲስ አበባም አሥመራም በደጋ ላይ የተሠሩ ስለ ሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ላይ ክንፍ የሚደገፍበት ስለሚያንሰው አይሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይሮጣል፣ የሚጭነውም ይቀንሳል። በ1955 ዓ.ም. የጄት አይሮፕላን በመጣ ጊዜ የልደታው ሜዳ ያልበቃው ስለዚህ ነው፤ የቦሌው ሜዳም ተተካ። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው ጄት የ9 ሰዓቱን በረራ ከግማሽ በታች አደረገው። እንዲህ ሆኖ የአራትና የአምስት ወር መንገድ 15 ቀን፣ 15ቱ ቀን አንድ ቀን፣ አንዱም ቀን 4 ሰዓት ሆነ።

የጵጵስናውስ ነገር እንደ መንገዱ አጠረን? የቀኑን ቁጥር ተከትሎ ማየት ነው። የመጀመሪያው አይሮፕላን ካይሮ ከደረሰ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1940 ዓ.ም. ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ተስማሙ። በዚያው ወር በ18 ቀን እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ አቡነ ባስልዮስ ተብለው ከሌሎች አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች ጋር በካይሮ ተሾሙ። አቡነ ቄርሎስ በ1943 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በዚያው ዓመት በጥር ወር አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳሳት ሆኑ፤ ጳጳሳትን የመሾም ሥልጣንም ተሰጣቸው። ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርኩ ቄርሎስ 6ኛ በካይሮ አቡነ ባስልዮስን የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፓትርያርክ አድርገው ሾሙ። ከአይሮፕላኑ የመጀመሪያ በረራ እስከዚህ ቀን 13 ዓመት ነው። በእነዚህ 13 ዓመታት ደብዳቤ ተጻፈ፣ ልዑካን ተላኩ፣ ተከራከሩ፣ ተኰራረፉ፣ ታረቁም።

ስለዚህ ነጻነቱን ያመጣው አይሮፕላን ነው ማለት ስሕተት ነው። አይሮፕላን ካይሮን ካቀረበ በኋላም 13 ዓመት መከራከር ግድ ሆኗልና። አይሮፕላኑ ምንም አላደረገም ማለትም ትክክል አይደለም። ያደረገውስ ምንድን ነው? ምክንያትን ከሰው አፍ ወሰደ። መንገዱ ረጅም በነበረ ጊዜ ለሚዘገየው ነገር ሁሉ መንገዱ ይወቀስ ነበር፤ ጳጳሱ ለምን አልመጡም ቢባል ባሕሩ፣ ነፋሱ፣ ክረምቱ፣ ሽፍታው ይጠቀስ ነበር። መንገዱ የአንድ ቀን በሆነ ጊዜ ግን ምክንያቱ ሁሉ ተገለጠና አንድ ነገር ብቻ በመካከል ቆሞ ታየ፤ እርሱም ያ በኒቅያ ስም የተጻፈው ቃል ነው። ሰውም የሚከራከረው ከማን ጋር እንደ ሆነ ያን ጊዜ አወቀ። የቅኔ ቤት ሰዎች ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይታያል እንደሚሉት፣ የመንገዱ ርዝመት ሰም ሆኖ ቀለጠ፤ በውስጡ የነበረው የሥልጣን ጥያቄ ታየ።

ሁለተኛ ማስረጃም አለ። በዚያ ሁሉ ዘመን ባሕርም ምድረ በዳም ያልከለከለው አንድ ነገር ነበረ፤ እርሱም ባሕረ ሐሳብ ነው። ትውፊቱ ለእስክንድርያው ለቅዱስ ድሜጥሮስ የሚሰጠው ያ ቁጥር አንድ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ ማንም መልእክተኛ ሳይመላለስ የሁለቱን አገር ሕዝብ በአንድ ቀን ጾም አስጀምሯል፣ በአንድ ቀን ትንሣኤን አስከብሯል። ጳጳስ በሌለበት በእነዚያ በ23 ዓመታት እንኳ የአክሱምና የእስክንድርያ ፋሲካ አልተለያየም። በፀሐይ አቆጣጠር በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ከካይሮ 7 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ምሥራቅ ትርቃለችና። ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት አልነበረም። በሃይማኖትና በስምምነት የተያዘ ነገር መንገድ አይፈልግም፤ ያልተስማሙበት ነገር ግን ምንም ያህል መንገድ ቢጠረግለት አይደርስም።

ከ1951 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአይሮፕላን መመላለስ ቀሏቸዋል፤ በጥር 2007 ዓ.ም. አቡነ ማትያስ ወደ ግብጽ ሄደው፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርኩ ታዎድሮስ 2ኛ ወደ አዲስ አበባ መጥተው የመስቀልን በዓል አብረው አክብረዋል። አባ ቄርሎስ 4ኛ ወራት የተጓዙበትን እሳቸው ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ተጓዙት። ነገር ግን በኢየሩሳሌም ባለው በዴር ሡልጣን ገዳም በግብጻውያንና በኢትዮጵያውያን መነኮሳት መካከል ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። የኢትዮጵያ መነኮሳት ጎጆና የግብጻውያን ደጅ በእግር ጥቂት እርምጃ ነው የሚራራቁት። በ4 ሰዓት የሚደረስባት ካይሮ ቀረበች፤ በእርምጃ የሚቆጠረው ደጅ ግን ሩቅ ሆኖ ቀረ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በአገር ውስጥ ያለው ነው። ከአዲስ አበባ እስከ መቀሌ በአየር 500 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በአይሮፕላንም ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚያልፍ መንገድ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ምክንያት የመንገደኞች በረራ ተቋርጦ ቆየና ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደገና ተጀመረ። በዚያ ቀን ዘመድ ከዘመዱ ተገናኝቶ በአይሮፕላን ማረፊያው የፈሰሰው እንባ የብዙ ሰው ትዝታ ነው። በአንዲት ቤተ ክርስቲያን አባቶች መካከል የተከፈተው ልዩነት ግን በረራው ስለ ተከፈተ አልተዘጋም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ ከሌሎች አባቶች ጋር ለሰላም ወደ መቀሌ ተጉዘው፣ የሚቀበላቸው አባት ሳያገኙ ተመለሱ። ማን በማን ላይ አጠፋ የሚለውን ፍርድ ለሲኖዶስና ለእግዚአብሔር መተው ይሻላል። ታሪክን የሚያነብብ ሰው ግን አንድ ነገር ሳይል ማለፍ አይችልም። ጳጳስ ይሾምልን የሚለው ልመናና አንሾምም የሚለው መልስ፣ ያልተመለሰ ደብዳቤና የተዘጋ ደጅ፣ ኢትዮጵያ ከእስክንድርያ ጋር 16 መቶ ዓመት ያየችው ነገር ነው። በዚያ ጊዜ በመካከል ባሕር ነበረ ይባላል። ዛሬ በመካከል ባሕር የለም።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ኢትዮጵያን ከራሷ ጳጳስ ያራቃት ርዝመት አልነበረም፤ የርዝመቱ ምክንያት የተደገፈበት የሰው ፈቃድ ነበረ እንጂ። ይህንም ፈቃድ የመለሰው ሞተር አይደለም፤ እየተዘጋባቸው ደጅ የጠኑ፣ እየተመለሱ የሄዱ፣ መጽሐፍን መርምረው እውነተኛውን ቀኖና ከሐሰተኛው የለዩ፣ ከማርቆስ መንበር ጋርም ሳይለያዩ መብታቸውን በሥርዓት የጠየቁ የአባቶች ትዕግሥት ነው። አቡነ ባስልዮስ በምስር የተሾሙት ተገንጥለው አይደለም፤ ተስማምተውና ተባርከው ነው። ይህ በ13 ዓመት ሆነ፤ 13 ዓመት ደግሞ ለ16 መቶ ዓመት ነገር አጭር ጊዜ ነው።

ዛሬ በየቦታው ያሉ አባቶችና ምእመናን ከዚህ የሚማሩት አለ። የሚያራርቀውን ነገር በምድር ስፋት ላይ ማመካኘት የማይቻልበት ዘመን ነው። የአንድ ሰዓት መንገድ ሄዶ አንድ ደጅ መምታት፣ ካልተከፈተም ተመልሶ ሄዶ ደግሞ መምታት፣ የሚለዩበትን ነገር በቀኖናና በታሪክ መርምሮ መነጋገር ያስፈልጋል። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ወራት የሚፈጀውን ባሕርና በረሃ ያቋረጡት ለምእመናን እረኛ ለመፈለግ ነበረ። የእሳቸው ልጆች የአንድ ሰዓት መንገድ አይርዘምባቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።